ቴሌስኮፕን የማይፈራ እምነት

ከወጣቶች ጋር ትምህርት ጨርሰን የጥያቄ ሰዓት ሲከፈት፣ ስለ ጾምና ስለ ትዳር ከሚነሡት ቀጥሎ አዘውትሮ የሚመጣው የሰማይ ጥያቄ ነው። ኅዋ ዳርቻ አለው ወይ? በሌላ ፕላኔት ሕይወት ያለው ነገር ቢገኝ እምነታችን ምን ይሆናል? ሰው ማርስ ላይ ሰፍሮ ቢኖር እግዚአብሔር ከሰጠው ስፍራ አልወጣም ወይ? ጠያቂው ብዙ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው። መጠየቁ ራሱ ድፍረት መስሎ ይታየዋል።

ስለዚህ ትምህርታችንን ከዚህ ፍርሃት እንጀምር። ዳዊት በስምንተኛው መዝሙር ጨረቃንና ከዋክብትን አሻቅቦ አይቶ፣ ይህን የመሰለ ሥራ ያለው ፈጣሪ ትንሹን ሰው እንዴት እንዳሰበው ይገረማል። በመጽሐፈ ኢዮብ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ ጠያቂ ሆኖ ይቀርባል፤ መከራ ያደቀቀውን ሰው ስለ ምድር መሠረትና ስለ ከዋክብት ሥርዓት ይጠይቀዋል። ዳዊት ጥያቄውን ያነሣው በጸሎት ላይ ቆሞ ነው። ኢዮብም ወደ ሰማይ የተመራው ከሐዘኑ እንዲነሣ ነው። በቅዱሳት መጻሕፍት ሰማይን አይቶ መደነቅና መጠየቅ የአማኝ ሥራ እንጂ የከሓዲ ሥራ ሆኖ አልተጻፈም።

አሁን ወደ መሠረቱ እንግባ። ቤተ ክርስቲያናችን በስድስቱ ቀናት 22 ሥነ ፍጥረት እንደተፈጠሩ ታስተምራለች፤ እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4። በእሑዱ ዝርዝር ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከጨለማ፣ ከመላእክትና ከብርሃን ጋር ሰማያትም ተቆጥረዋል። ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት እስከ ረቡዕ ቆይተዋል። ሕፃናት በቃላቸው የሚይዙት ዝርዝር ስለሆነ አልፈነው እንሄዳለን፤ ግን ቆም ብለን እንየው። ሰማይ ከፍጡራን ጋር ተቆጥሯል። መጀመሪያ አለው። ስፋቱ የቱንም ያህል ቢያስደነግጥ አምላክ አይደለም፤ የአምላክም ክፍል አይደለም። በግብፅና በባቢሎን ፀሐይና ጨረቃ ይመለኩ በነበረበት ዓለም፣ ሙሴ ፀሐይን ከሣርና ከዛፍ በኋላ በአራተኛው ቀን አስቀምጧታል። ሣር በቅሎ ካደረ በኋላ የመጣች ፀሐይ የምትመለክ አይደለችም።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ፍጡር የሆነ ኮከብ የሰውን ዕጣ አይጽፍም። ዛሬም ልጆቻቸውን ሊድሩ ሲሉ የልጁን ስም ከእናቱ ስም ጋር አስደምረው፣ በ12 አስገድፈው፣ ኮከባቸው ይስማማል አይስማማም የሚያሰኙ ምእመናን አሉ። በዚህ የተነሣ የፈረሰ እጮኝነት ስንት ነው! ሰማይን ለማጥናት የሚፈራና ኮከብ ለማስቆጠር የማይፈራ ክርስቲያን ነገሩን ገልብጦ ይዞታል። የከዋክብትን አካሄድ መመርመር የፈጣሪን ሥራ ማንበብ ነው፤ ከከዋክብት ምክር መለመን ግን ለፍጡር መገዛት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ጨረቃ በፀሐይ ፊት አልፋ በላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይ የብርሃን ቀለበት ስትመስል፣ ሰዓቱ ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ ታውቆ ነበር። ተሰልቶ የሚታወቅ ነገር መዓት አይደለም፤ የታዘዘበትን መንገድ የሚሄድ አገልጋይ ነው።

ሁለተኛው መሠረት የሚከተለው ነው፤ እግዚአብሔር በሰማይ ነው ስንል በአንድ የሰማይ ክፍል ተወስኖ ተቀምጧል ማለታችን አይደለም። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን በመረቀበት ጸሎቱ ሰማየ ሰማያት እንኳ ፈጣሪውን ሊይዙት እንደማይችሉ መስክሯል። ይህ ምልዐት ይባላል፤ የማይገኝበት ቦታ የለም፣ የሚወስነውም ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1961 ዩሪ ጋጋሪን ምድርን በ108 ደቂቃ በረራ አንድ ጊዜ ዞሮ ሲመለስ፣ «ሰማይ ወጣሁ፣ እግዚአብሔርን ግን አላየሁም» አለ ተብሎ ተወራ። በበረራው ንግግር ቅጂ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል የለም። ብሎት ቢሆን እንኳ ግን ምን ያህል ሩቅ ሄዶ ነው? ከፍታው ቢበዛ 327 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር እንኳ ከዚህ ይርቃል። ርቀቱንም እንተወው። ሸማ ለብሶ ሸማኔውን በድርና በማጉ መካከል የሚፈልግ ሰው ክሩን ሁሉ ተርትሮ ቢጨርስ አያገኘውም፤ ሸማኔው ክር ሆኖ አልተሸመነማ። ከፍጥረት እንደ አንዱ ሆኖ በቴሌስኮፕ የሚታይ አምላክ ቢገኝ ኖሮ፣ እሱን ማምለካችንን የምንተው እኛ በሆንን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዕርገት የሚጠይቁ አሉ፤ ጌታ በደመና ተሰውሮ ያረገው ወዴት ነው ይላሉ። ዕርገቱን እንደ መንኮራኩር ጉዞ የሚያስብ ሰው እንዲህ ያስላው። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዕርገት ቀን ጀምሮ በብርሃን ፍጥነት የተጓዘ አካል ቢኖር እስከ ዛሬ ሊደርስ የሚችለው 2,000 የብርሃን ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ የኛ ፍኖተ ሐሊብ ጋላክሲ ብቻውን 100,000 የብርሃን ዓመት ያህል ወርድ አለው። ስለዚህ በርቀት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ጌታ በለበሰው ሥጋ ወደ ክብሩ ገባ፤ በአብ ቀኝ ተቀመጠ ስንልም በሥልጣን ተካከለ ማለታችን እንጂ ስፍራ መለካታችን አይደለም። ጽርሐ አርያምን፣ መንበረ መንግሥትን፣ ሰማይ ውዱድን፣ ኢየሩሳሌም ሰማያዊትን፣ ኢዮርን፣ ራማንና ኤረርን በፕላኔቶች መካከል በሥዕል የሚያስቀምጡ ጽሑፎች በስልክ ሲዘዋወሩ አያለሁ። ቅን ልብ ያላቸው ሰዎች እንደሠሯቸው አልጠራጠርም፤ ግን ይጎዳሉ። ሰባቱ ሰማያት የመላእክትና የክብር ዓለም ናቸው። አንዱን ሰማይ ከሳተርን በላይ ብለን ከሳልን፣ መንኮራኩር ሳተርንን ያለፈ ቀን የልጆቻችንን እምነት በእጃችን አፍርሰናል።

ቤተ ክርስቲያን ሰማይን ማስላት ባዕድ ነገር አድርጋ እንደማታየው ለማሳየት ባሕረ ሐሳብን ቀረብ ብለን እንመልከት። የ2018 ዓ.ም.ን በዓላት እንውሰድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2018 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመኑ ሲቀነስ 12 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፈው አበቅቴው 12 ይወጣል። ወንበሩን በ19 አባዝተን በ30 ስንገድፈው መጥቅዑ 18 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሙላት አለባቸው፤ ሞልተዋል። መስከረም 18 እሑድ ይውላል፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ስለሆነ በ18 ላይ ተደምሮ መባጃ ሐመሩ 25 ነው። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ትገባለች። በ25 ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር 34፣ 30ው ሲገደፍ 4፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነው።

ለምን በ19? 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር በሁለት ሰዓት ያህል ልዩነት እኩል ስለሆኑ ነው። ከ19 ዓመት በኋላ ጨረቃ ወደዚያው የወር ቀን ትመለሳለች። ይህን ስሌት በቃሉ የያዘ የቆሎ ተማሪ፣ ሳያውቀው በጣቱ ላይ የሥነ ፈለክ ሒሳብ ይዞ ይሄዳል። ስሌቱ ፍጹም አይደለም፤ በሰማይ ያለችው ጨረቃ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ያህል ትቀድመዋለች። አባቶች የሠሩት ምእመናን በአንድ ቀን እንዲጾሙና በአንድ ቀን እንዲያከብሩ ነው፤ ለዚያ ዓላማ ደግሞ ዛሬም ያገለግላል። ሌላም ምስክር አለ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ስለ ብርሃናት አካሄድ ይናገራል፤ ዓመቱንም 364 ቀን ያደርገዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ሄኖክን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቆጥራ ትቀበላለች፤ ዘመን ስትቆጥር ግን 365 ቀን ከሩብ ትላለች። ይህን ያደረጉ ሊቃውንት መጽሐፉን አልናቁም። መጽሐፉ የተሰጠበትን ምክንያትና የቀን መቁጠሪያ ሥራን ለይተው ያውቁ ነበር። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ሲያስተምርም እንዲሁ ለይቷል። ሙሴ የምድርን ቅርጽና የዙሪያዋን ልክ አለመናገሩ የፍጥረትን ነገር እንደማያሳንስበት ገልጾ፣ ለነፍስ የሚጠቅመውን ነው ያስተማረን ይላል።

ይህን ከያዝን ወደ ስፋቱ እንውጣ። የጨረቃ ብርሃን ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ባለፈ ጊዜ ይደርሰናል፤ የፀሐይ ስምንት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንዶች ይፈጃል። እ.ኤ.አ. መስከረም 5 ቀን 1977 የተላከችው ቮየጀር 1 ሰው ከሠራቸው ሁሉ እጅግ የራቀች ናት፤ ከእርሷ የሚነሣ የሬዲዮ መልእክት እኛ ዘንድ ለመድረስ ከ23 ሰዓት በላይ ይወስድበታል። በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ትበራለች። በዚህ ፍጥነት ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን ወደሆነው ኮከብ፣ ወደ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ርቀት ለመድረስ ከ70,000 ዓመት በላይ ያስፈልጋታል።

ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ ሌላ ምሳሌ አለ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር። የኢትዮጵያ ዕጣ በአንድሮሜዳ የከዋክብት ክልል ያለ፣ ኤችዲ 16175 የሚባል ኮከብ ሆነ። ኮከቡ ቡና፣ የሚዞረው ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት አቦል ተባሉ። ቡና በባዶ ዓይን አይታይም፤ በቴሌስኮፕ ይታያል። ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ዛሬ ማታ ዓይናችን ውስጥ የሚገባው የቡና ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ በቋራ ልጅ ሆነው በሚያድጉበት ዘመን ገደማ ነው። የምናየው የድሮውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የገና ዕለት የተወነጨፈው ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ደግሞ፣ ሊቃውንቱ ዓለም ጀመረ ከሚሉት ጊዜ 300 ሚሊዮን ዓመት ያህል ብቻ ዘግይቶ የተነሣ ብርሃን አይቷል። በወርቅ የተለበጡ 18 መስተዋቶቹ ተጋጥመው 6.5 ሜትር ወርድ አላቸው፤ የሚሠራውም ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰባኪዎች የሚሰናከሉበት ቦታ አለና ቀስ ብለን እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሪትዝ ዝዊኪ የሚባል ሊቅ ብዙ ጋላክሲዎች የተሰበሰቡበትን አንድ ሥፍራ ሲመረምር፣ ጋላክሲዎቹ ሳይበታተኑ አብረው እንዲቆዩ የሚታየው ክብደት እንደማይበቃ አስተዋለ። በ1970 ቬራ ሩቢን ከባልደረባዋ ከኬንት ፎርድ ጋር የአንድሮሜዳን ጋላክሲ እሽክርክሪት ለካች። ከፀሐይ የራቀች ፕላኔት ቀስ እያለች እንደምትዞር፣ ከጋላክሲው እምብርት የራቁ ከዋክብትም ቀስ ማለት ነበረባቸው። አላሉም። ዳር ያሉት መካከል አካባቢ ካሉት ባልተናነሰ ፍጥነት ይከንፋሉ። የማይታይ ነገር እየሳበ ይዟቸዋል ማለት ነው፤ ጨለማ ቁስ ብለው ጠሩት። በ1998 ደግሞ ዓለም መስፋቷን እያፋጠነች መሆኗ ታወቀ፤ የሚያፋጥነውን ጨለማ ኃይል አሉት። በዛሬው ስሌት ከዋክብት፣ ፕላኔት፣ ተራራ፣ እኔና እናንተ የተሠራንበት የሚታወቀው ቁስ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ነው። ቀሪው 95 በመቶ ምን እንደሆነ ማንም ገና አልነገረንም።

አንድ ሰባኪ ይህን ሲሰማ ልቡ ይዘላል፤ «ያ 95 በመቶ እግዚአብሔር ነው! ሳይንስ ያልደረሰበት እሱ ነው!» ሊል ይችላል። እባካችሁ እንዲህ አትበሉ። ሁለት ዓይነት አለማወቅ አለ። አንደኛው ገና ስላልደረስንበት የማናውቀው ነው፤ የጨለማ ቁስ ነገር ከዚህ ነው፤ ነገ አንድ ተማሪ በላቦራቶሪ ሊያገኘው ይችላል። ሁለተኛው ፈጣሪ ካልገለጠልን በምርምር የማይደረስበት ነው፤ የሥላሴ አንድነትና ሦስትነት፣ የቃል ሥጋ መሆን፣ የትንሣኤ ሙታን ነገር ከዚህ ነው። አንደኛውን ከሁለተኛው ጋር የሚቀላቅል ሰው እግዚአብሔርን ዕውቀት ባልሞላው ስንጥቅ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ስንጥቁ ሲሞላ አምላኩ ይጠብበታል። እግዚአብሔር የታወቀው የ5 በመቶው ፈጣሪ ነው፤ ያልታወቀውም ፈጣሪ ነው። የምናውቀው ሲበዛ ፈጣሪነቱ አይቀንስም።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳ አንድ ካህን ነበር። ከእኛ ጋር በአንድ መቅደስ የሚያስቀድስ አልነበረም፤ የካቶሊክ ካህን ነው፤ ከእርሱ ግን መማር አለብን። ጆርጅ ለሜትር ይባላል፤ በ1894 በቤልጅየም ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛነት ተዋግቶ፣ ከዚያ ፊዚክስና ሒሳብ ተምሮ፣ በ1923 ክህነት ተቀበለ። በ1927 ጋላክሲዎች ከእኛ የሚርቁት ዓለም ራሷ እየሰፋች ስለሆነ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። አይንስታይን ሒሳቡን ተቀብሎ ሐሳቡን ግን አልወደደለትም። ኤድዊን ሀብል በ1929 ጋላክሲዎች በራቁ ቁጥር ፈጥነው እንደሚሸሹ በልኬት አሳየ። በ1931 ለሜትር ወደ ኋላ አሰላና፣ ዛሬ የምናየው ሁሉ ከአንድ እጅግ የታመቀ መነሻ እንደጀመረ ጻፈ። ዛሬ ታላቁ ፍንዳታ የምንለው ትምህርት ሥሩ ይህ ነው፤ አንዳንድ ምእመናን ክህደት ነው ብለው የሚሸሹት ሐሳብ ከቄስ እጅ ነው የወጣው።

አሁን አስተውሉ። በ1951 ፖፕ ፒዮስ 12ኛ ይህ ግኝት የዘፍጥረትን መጀመሪያ እንደሚመሰክር አድርገው በአደባባይ ተናገሩ። ለሜትር ሊደሰት ይገባው ነበር ትሉ ይሆናል፤ የገዛ ሐሳቡን የሃይማኖቱ መሪ አወደሱለት። እሱ ግን አዘነ። ሐሳቡ የፊዚክስ ሐሳብ ነው፤ በልኬት ይቆማል፣ በልኬት ይወድቃል፤ የፍጥረትን የእምነት ትምህርት በዚህ ላይ ማቆም ለእምነቱም ለፊዚክሱም አይበጅም ብሎ ያምን ነበር። ይህ እንዲታሰብበትም በቅርብ ላሉ ሰዎች አሳሰበ። ፖፑ በተከታዩ ዓመት ለሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሲናገሩ ያን ማስረጃነት አልደገሙትም። ለሜትር በ1966 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከዚያ የታመቀ መነሻ ሙቀት የቀረ ጥንታዊ ብርሃን መገኘቱን ሰማ፤ ልኬቱ ደገፈው። በእኔ እይታ የዚህ ካህን ታላቅነት ሒሳቡ ብቻ አይደለም። የሚጠቅመውን ውዳሴ እምቢ ያለው፣ እምነቱ ከማስረጃ ብድር መኖር እንደሌለበት ስላወቀ ነው።

የዘመኑን ቁጥር የምትጠይቁም አላችሁ። ሳይንስ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሲል እኛ 7,500 ዓመት እንላለን፤ እንዴት ነው? እኔ የምረዳውን ልንገራችሁ። የ5500ው ቁጥር ለአዳም ከተሰጠው የመዳን ተስፋ ጋር የታሰረ ነው፤ አምስት ቀን ተኩል ሲፈጸም እመጣለሁ የሚለው ኪዳን አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ ነው። ስለዚህ የተስፋው ዘመን ልክ እንጂ የዐለት ዕድሜ መለኪያ አድርጌ አላየውም። ቁጥሩን ቃል በቃል የዓለም ዕድሜ ነው የሚሉ የተከበሩ መምህራን አሉ፤ ከእነርሱ ጋር በአንድ ጽዋ እንቀበላለን። በዚህ ጉዳይ ተካሰን አንለያይ፤ ልጅ ግን በትምህርት ቤት የተማረውን በመናገሩ ከጉባኤ አይባረር።

ሕይወት በሌላ ዓለም ስለሚለው ጥያቄ እስካሁን የተገኘ ነገር የለም። ፍለጋው ግን ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የተላከችው ዩሮፓ ክሊፐር፣ ከበረዶ ቅርፊቷ በታች ውቅያኖስ አላት ወደሚባልላት የጁፒተር ጨረቃ ለመድረስ እስከ 2030 ትጓዛለች። ሊቃውንት ሕይወት እስከ የት መቋቋም እንደምትችል ለማወቅ ወደ እኛው አገር ወደ ዳሎልም ይመጣሉ፤ በዚያ ፍል ውኃው አሲድም ጨውም ነው። በ2019 አንድ ቡድን በአንዱ ምንጭ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አገኘሁ ሲል፣ ሌላ ቡድን በጣም በከፋው ውኃ ውስጥ ሕይወት የለም አለ። በደጃችን ባለ ኩሬ እንዲህ ከተከራከሩ፣ ከማርስ አፈር ዜና በመጣ ቁጥር መደንገጥ አይገባንም።

ቢገኝስ? ጥቃቅን ተሐዋስያን ከሆኑ ነገረ ሃይማኖታችን የሚነካ አይደለም፤ ፈጣሪያቸው ያው ነው። አእምሮ ያላቸው ፍጥረታት ከሆኑስ? እኛ ኦርቶዶክሳውያን ሰው ያልሆኑ አእምሮ ያላቸው ፍጥረታት መኖራቸውን ሁልጊዜ እናምናለን፤ መላእክት ናቸው። ከአዳም አልተወለዱም፤ በአዳም በደል አልወደቁም፤ ቃል የለበሰው የእነርሱን ባሕርይ አይደለም። እንዲህም ሆነው የእርሱ ናቸው፣ ያመሰግኑታልም። ስለዚህ ታሪካቸው ከእኛ የተለየ የእግዚአብሔር ፍጥረታት ሊኖሩ መቻላቸው ለትምህርታችን አዲስ ነገር አይደለም። ከዚህ አልፎ እንዲህ ናቸው፣ እንዲህ ይድናሉ ማለት ያልተገለጠልንን መናገር ነው፤ እዚህ ላይ ዝም እንላለን።

ወደሚመጣው ጉዞ እንምጣ። ሰው ከምድር ውጭ ሊሄድ አይገባም የሚል ትእዛዝ በመጻሕፍት የለም። የባቢሎን ግንበኞች የተፈረደባቸው ከፍ ስላሉ ሳይሆን ስማቸውን ሊያስጠሩ በትዕቢት ስለተነሡ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 24 ቀን 1968 ጠፈርተኞቹ ቦርማን፣ ሎቨልና አንደርስ ጨረቃን እየዞሩ ሳለ የዘፍጥረትን መጀመሪያ 10 ቁጥሮች ለምድር ሰዎች አነበቡ። ያን ዕለት አንደርስ ምድር ከጨረቃ አድማስ በላይ ስትወጣ ያነሣው ፎቶ ዛሬ ድረስ ይታያል። እነዚህ ሰዎች እስከዚያ ቀን ማንም ያልደረሰበት ርቀት ደርሰው ነበር፤ ያን ጊዜ ለማንበብ የመረጡት ይህን ነው።

የሚያሳስበኝ የጉዞው ልብ ነው። ለሰው የተሰጠው ሥልጣን የአደራ ሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የኅዋ ስምምነት ማንም አገር ጨረቃን ወይም ሌላ የሰማይ አካል የእኔ ነው እንዳይል ከልክሏል፤ አሜሪካ በ2015 ያወጣችው ሕግ ደግሞ የአገሯ ኩባንያዎች ከዚያ የሚያወጡትን ማዕድን እንዲወርሱ ፈቀደ። ሕንድ በነሐሴ 2023 መንኮራኩሯን ቻንድራያን 3ን በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አካባቢ አሳርፋለች፤ ብዙዎች ወደዚያ የሚሽቀዳደሙት በጥላ ውስጥ ያለው በረዶ ውኃም ነዳጅም ሊሆን ስለሚችል ነው። መጀመሪያ የደረሰ ምንጩን ከያዘ፣ ኋላ የሚደርሰው ድኻ አገር ምን ይጠጣል? ይህ ጥያቄ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ አይደለም፤ የእረኞችን የጉድጓድ ጠብ በዘፍጥረት ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። በምድር ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠር የተሰባበረ የሳተላይት ፍርስራሽ ይከንፋል፤ ያንንም የጣልነው እኛ ነን።

ማርስን የምድር ምትክ አድርገው የሚሰብኩም አሉ። ጉዞው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል፤ አየሩ ስስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አፈሩ ለሰው የሚመርዝ ፐርክሎሬት አለበት፤ ከጨረር የሚከልል መግነጢሳዊ ጋሻ የለም። ሄደው ይመርምሩ፣ እግዚአብሔር ይጠብቃቸው፤ ግን ምድርን አበላሽቶ ወደዚያ ለመሸሽ የሚሄድ ሰው እዚያም የሚወስደው ያንኑ እጁን ነው። የሚበጀው አጠቃቀም ምን እንደሚመስል በአገራችንም አይተናል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን የተወነጨፈችው ኢቲአርኤስኤስ 1 ወደ 70 ኪሎ ግራም የምትመዝን ትንሽ ሳተላይት ናት፤ የተላከችው እርሻን፣ ደንንና የአካባቢን ለውጥ ከላይ እንድትመለከት ነው። የገበሬን ማሳ ለማየት ወደ ሰማይ መውጣት የአደራ ሥራ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶናል፤ ይህ የወላጆች ነው። «ልጄ የከዋክብት ነገር አጥና አጥና ይለዋል፤ ከእምነቱ ይወጣብኝ ይሆን?» ይላሉ። አይከልክሉት። ሒሳቡ እንዲበረታ ያግዙት፤ ከኤሌክትሪክ መብራት ራቅ ወዳለ ቦታ ወስደው በጥቅምትና በኅዳር ጥርት ባለው ሰማይ ፍኖተ ሐሊብን ያሳዩት፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪም ጉብኝት ከተገኘ ይላኩት። ጎን ለጎን ባሕረ ሐሳብ ከሚያስተምር መሪጌታ ዘንድ ያስገቡት፤ አበቅቴውን ራሱ ያውጣ፤ ከዚያ አዲሷ ጨረቃ በሰማይ የምትታይበትን ቀን ከስሌቱ ጋር እያስተያየ፣ ለምን በጥቂት ቀን እንደሚለያዩ መምህሩንም የፊዚክስ አስተማሪውንም ይጠይቅ።